ስንት ያወጣል?

አንድ አሮጌ ሳንቲም አውጥታችሁ ለሰው አሳዩ። የምትሰሙት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ያወጣል?» የማን ነው የሚል የለም። መቼ ታተመ፣ በምን ቋንቋ ተጻፈበት፣ እዚህ አገር ምን አመጣው ብሎ የሚጠይቅም የለም። ምሁሩም፣ ነጋዴውም፣ ደላላውም፣ የታክሲ ረዳቱም በዚህ አንድ ናቸው። በሌላው ነገር ሁሉ መስማማት ያቃተን ሰዎች እዚህ ላይ ስንደርስ አንድ ልብ፣ አንድ ቃል እንሆናለን።

ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ገበያ ወጥቶ ዋጋ የማይጠይቅ ማን አለ? ክፋቱ ሌላ ጥያቄ የሌለን መሆኑ ነው። ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ለአታላይ የተዘጋጀ ምሳ ነው። ለምን ቢሉ፣ ዋጋውን የሚነግረው ያው ሻጩ ነዋ!

ይኼ ጠባይ በዚህ በስልክ ዘመን ጭራሽ ብሶበታል። «የጃንሆይ ሳንቲም በሚሊዮን ብር ይገዛል» የሚል ወሬ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ይዘላል። ወሬውን የሰማ ሁሉ የእናቱን ሳጥን ይበረብራል። አንዲት አምስት ሳንቲም የተገኘችበት ቤት ሎተሪ እንደወጣለት ሰው እንቅልፍ ያጣል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ያ 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት የጃንሆይ ሳንቲም በብዙ ሚሊዮን ቁጥር የታተመ ነው። ሥራ ላይ የዋለውም በ1937 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያንኑ 1936 እንደተሸከመ ሲታተም ኖሯል። በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ ማንንም ባለጸጋ አያደርግም። ይህን ለማወቅ የአንድ ከሰዓት ንባብ ይበቃ ነበር። እኛ ግን ከማንበብ መጠበቅን መረጥን፤ ገዢውን፣ ያንን ከሰማይ የሚወርደውን ባለ ሚሊዮን ገዢ።

እንግዲህ እኔ የምለው ይኼን ነው። ሳንቲም መሰብሰብ የሚወድ ሰው፣ በተለይ ጀማሪ የሆነ፣ ከርካሹ ይጀምር። ርካሽ፣ አሮጌ፣ የውጭ አገር ሳንቲም ይግዛ። ከብርቅዬው፣ ከወርቁ፣ ከአክሱሙ ግን እጁን ይሰብስብ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «ድህነትህን ምክር አደረግከው» ይለኛል። ይበለኝ። ምክንያቴን ልናገር።

* * *

መጀመሪያ ስለ ጠገራው እናውራ። ምክንያቱም ማርትሬዛ ብለን የለመድነው፣ «የአያቶቻችን ብር» የምንለው እሱ ራሱ የውጭ አገር ሳንቲም ነው። የስጦታ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ግቡና ጠይቁ። ልጁ ከመስታወቱ ሥር አውጥቶ መዳፋችሁ ላይ ያኖረዋል። ከበድ ይላል፤ ደስም ይላል።

«ጋሼ፣ ይኼ ኦሪጅናል ነው። ይኸው 1780 ይላል!»

«ታዲያ በዚያ ዓመት ነው የተሠራው?»

«ተጽፎበት የለ እንዴ ጋሼ!»

ተጽፎበታል፤ ልጁ አልዋሸም። ነገር ግን 1780 የሳንቲሙ የልደት ዓመት ሳይሆን የባለምስሏ የሞት ዓመት ነው። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ኖቬምበር ውስጥ ሞተች። ብሯ ግን አልሞተም። የቀይ ባሕር ነጋዴ፣ የየመን ቡና ሻጭ፣ የእኛም አገር ሲራራ ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም አለ። ስለዚህ ያው መልክ፣ ያው ጽሕፈት፣ ያው ዓመት እየተደገመ ይታተም ጀመር። ቪየና አተመች። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ አሳተመ። በማግስቱ እንግሊዞች ለንደን ላይ ጀመሩ። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ተራ በተራ ገቡበት። የኦስትሪያ ማተሚያ ቤት ዛሬም ያትመዋል። በጠቅላላው ከሦስት መቶ ሚሊዮን በላይ እንደታተመ ይገመታል። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል።

ስለዚህ መዳፋችሁ ላይ ያለው ጠገራ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ገበያ የዋለ ሊሆን ይችላል። ለወረራው ወጪ ሮም ላይ የታተመም ሊሆን ይችላል። ወይም ትናንት ቪየና ላይ ለአገር ጎብኚ ተብሎ የታተመ አንጸባራቂ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ላይ ያችው ወይዘሮ ናት፤ ሦስቱም 28 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ሦስቱም ከሺህ እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ልዩነታቸው ያለው በንስሩ ላባ፣ በትከሻዋ ጌጥ፣ በፊደላቱ አቀማመጥ ላይ ነው። ይህን የሚያይ ዓይን በገንዘብ አይገዛም። የሚመጣው ብዙ ርካሽ ሳንቲም ደጋግሞ በማገላበጥ ነው።

ጠርዙን ደግሞ አዙራችሁ እዩት። በላቲን ቃላት ተጽፈውበታል፤ ትርጉማቸው «ፍትሕና ምሕረት» ነው። የመርዝ ጋዝ ጭኖ የመጣው ወራሪም ይህንኑ ጽሑፍ በጠርዙ ላይ አትሞ ነው ብሩን ያወጣው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። እናንተም አትጠይቁትም። «ስንት ነው መጨረሻው?» ብላችሁ ትከራከራላችሁ እንጂ።

አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ጠገራ ሲቀበሉ ገልብጠው ያያሉ፤ በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥራሉ፤ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ መልኳ የጠፋውን ይመልሳሉ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1918 ማርትሬዛን የሚመስል ሴት ያለበት የራሱን ታለሮ ለኤርትራ ገበያ ቢያወጣ ሰው አየት አድርጎ «ይህቺ ሌላ ናት» ብሎ መለሰው። የዐፄ ምኒልክ ብር እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ታትሞ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ሲመጣ፣ ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አቅቶታል። ሰው ያመነውን ያውቅ ነበር።

ልብ በሉልኝ። እነዚያ «ፊደል ያልቆጠሩ» የምንላቸው ሰዎች ሳንቲም ያነቡ ነበር። ፊደል የቆጠርነው እኛ ሻጩ የነገረንን እናምናለን።

* * *

«የውጭ አገር ሳንቲም ምን ያደርግልናል? የራሳችን ታሪክ መች አነሰን?» የሚል ይኖራል። መልካም። እስቲ የራሳችንን ታሪክ ፍለጋ አንድ የውጭ ሳንቲም እንይ።

በማይዝግ ብረት የተሠራች ትንሽ የጣሊያን ሳንቲም አለች። አውሮፓ ውስጥ በእሑድ ገበያ፣ አሮጌ ዕቃ በሚዘረጋበት ቦታ፣ በሳጥን ከተከመሩት መሐል ትገኛለች። የተለመደው ዓይነቷ አንድ ዩሮ እንኳ አያወጣም። ፍራንክፈርትም ሆነ ሮም የምትኖሩ ወገኖቻችን ሳታዩዋት አልፋችኋል። በአንዱ ገጿ የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ ራስ አለ። በራሱ ዙሪያ የተጻፈው ሲነበብ «ሬ ኤ ኢምፕ.» ይላል። «ሬ» ንጉሥ ማለት ነው። «ኢምፕ.» ደግሞ ኢምፔራቶሬ ለማለት ተቆርጦ የተጻፈ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት።

የማን ንጉሠ ነገሥት? የእኛ ነዋ! ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሮም ላይ ሰገነት ወጥቶ የጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሆኗል ብሎ ካወጀ በኋላ የተጨመረች ቃል ናት።

አሁን ዓመቱን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. 1942 የተጻፈባቸው ሞልተዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሜይ 5 ቀን 1941 ነው። ጎንደር ላይ የቀረው የመጨረሻው የጣሊያን ጦርም በዚያው በ1941 ኖቬምበር እጁን ሰጥቷል። እና ይኼ የ1942 ሳንቲም የምን ንጉሠ ነገሥት ነው የሚያወራው? ግዛቱ የለም፤ ጦሩ የለም፤ ማዕረጉ ግን በብረት ላይ ይታተማል። ከዓመቱ አጠገብ ደግሞ የሮማውያን ቁጥር አለ፤ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 ጀምረው የሚቆጥሩት የራሳቸው ዘመን ነው። ሰውዬው ማዕረጉን የተወው እ.ኤ.አ. በ1943 ማብቂያ ላይ ነው፤ ያውም አገሩ ከተሸነፈች በኋላ።

የአርበኞቻችንን ድል ጠላት በገዛ ሳንቲሙ ላይ እንዴት እንደካደው ለልጃችሁ ማሳየት ትፈልጋላችሁ? ይኸው፤ ከአንድ ዩሮ ባነሰ ዋጋ። እዚህ ላይ «ስንት ያወጣል» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ምንም» ነው። «ምን ይላል» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ የታሪክ ትምህርት ይወጣዋል።

ደግሞስ የገዛ አፋችን የውጭ ሳንቲም የተጠራቀመበት ከረጢት አይደለም እንዴ? «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ስንል ቤሳዋ ከህንዶቹ ፓይሳ ጋር የምትዛመድ ናት። ገርሽ የቱርኮቹ ነበር። ፍራንክ የፈረንሳዮቹ ነው። ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» የምንለው ለምን ይመስላችኋል? ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዞች ይዘውት የመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ እዚህ አገር ገበያ ላይ ውሎ ነበር። በ1937 የራሳችን ገንዘብ ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ሒሳብ ሆነ፤ ግማሹ ብር ደግሞ አንድ ሽልንግ። ሽልንጉ ሄደ፤ ስሙ አፋችን ላይ ቀረ። ያ አንበሳ የቆመበት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም ዛሬ በርካሽ ከሚገኙት አንዱ ነው። ልጆቻችን ግን ሳንቲሙንም አያውቁ፣ ስሙንም እየረሱት ነው።

* * *

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

በአገራችን «ሳንቲም እሰበስባለሁ» የሚል ሰው ገንዘብ ሲተርፈው ዓይኑን የሚጥለው አክሱም ላይ ነው። አይፈረድበትም፤ ያስጎመጃል። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ፣ አክሱም በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የራሷን ገንዘብ አትማለች። በዚያ ዘመን የራሱን ወርቅ የሚያትም መንግሥት በጣት የሚቆጠር ነበር። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃና ክቡን አንሥቶ መስቀል አኖረበት፤ በገንዘብ ላይ መስቀል ካኖሩት የዓለም ነገሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የአክሱም ወርቅ ደቡብ ዓረብና ህንድ ድረስ ተገኝቷል።

እንግዲህ ይህ ሳንቲም ከየት መጥቶ ነው ደላላ እጅ የገባው? በሬ ጠምዶ ሲያርስ ካገኘው ገበሬ ነው። ወይም ከዝናብ በኋላ መሬት ላይ ሲያንጸባርቅ ካየው እረኛ ነው። ወይም ሌሊት በፋኖስ ከሚቆፍር ሰው ነው። ለገበሬው የሚደርሰው የሰንበት ጠላ መግዣ ነው። ከእጅ ወደ እጅ በተሻገረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዕውቀቱ ይቀንሳል። የትኛው መንደር፣ የትኛው ጉድጓድ፣ ከምን ዕቃ ጋር፣ ከማን አጥንት አጠገብ እንደተገኘ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ሳንቲሙ መጨረሻ ላይ አንድ ሳሎን ውስጥ ሲደርስ ድዳ ሆኖ ነው የሚደርሰው። የታሪክ ተመራማሪው ከዚያ ምን ያነባል? የንጉሡን ስም ብቻ። የቀረውን እኛ በልተነዋል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይገለጥ ብሎ ደንግጓል። ሕጉ አለ። የሌለው ሕጉን የሚያስከብር ኅሊና ነው። «እኔ ባልገዛው ፈረንጅ ይገዛዋል፤ ከአገር ከሚወጣ እኔ ላስቀምጠው» የሚለውን ክርክር ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? የሚያምር ክርክር ነው፤ የአገር ፍቅር ካባ ደርቧል። ውስጡን ግን እዩት። አንተ ስለምትገዛ ነው የሚቆፈረው! ገዢ ባይኖር ማን ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ይገለብጣል? ለአገር የምታስብ ከሆነ ያየኸውን ተናገር፤ ሙዚየም እንዲገባ እርዳ። ልጅህን ይዘህ ብሔራዊ ሙዚየም ሂድ፤ የአክሱም ሳንቲም እዚያ ታያለህ፤ በመስታወት ውስጥ ሆኖ የሁላችንም ነው።

ይህን ለአክሱም ከተናገርኩ ለሌላውም መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ለጀማሪ የሚመክሩ አንዳንድ ሰዎች «የሮማ የመዳብ ሳንቲም ግዛ፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት የሞላው ሆኖ በጥቂት ዩሮ ይገኛል» ይላሉ። ዋጋው እውነት ነው። ግን ለምን ረከሰ? ከመሬት በገፍ ስለሚወጣ ነው። አንዳንዱ በሕግ፣ ብዙው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ። ሶርያ ውስጥ አፓሚያ የምትባለው ጥንታዊት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ በዘራፊዎች ጉድጓድ እንደ ወንፊት መበሳሳቷ በሳተላይት ፎቶ ታይቷል። የእኛ መቃብር ሲቆፈር የምንጮህ ሰዎች የሶርያው ሲቆፈር «አቤት ርካሽነቱ!» ማለት አንችልም። አክሱም ላይ ሌብነት የሆነ ነገር አፓሚያ ላይ ሲደርስ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይሆንም።

ለዚህ ነው የማንንም መቃብር ያልነካ ሳንቲም ግዙ የምለው። የመቶ ዓመት፣ የሰባ ዓመት፣ የሃምሳ ዓመት ሳንቲም ከሰው ኪስ ወደ ሰው መሳቢያ፣ ከመሳቢያ ወደ ገበያ የመጣ ነው። በማተሚያ ቤት መዝገብ ቁጥሩ የታወቀ ነው። ብትገዙት የሚያለቅስ አገር የለም።

* * *

«ዳቦ በዚህ ዋጋ እየተገዛ ስለ አሮጌ ሳንቲም ታወራለህ?» የሚለኝን ደግሞ አልረሳሁትም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴም አጭር ነው፤ ለዚሁ ነው ርካሹን የምለው። ከቤት ወጪ የሚቀነስ ከሆነ አትግዙ። «ቆይቶ ይወደዳል፣ ያተርፋል» ብላችሁም አትግዙ፤ ርካሽ ሳንቲም ከሃያ ዓመት በኋላም ርካሽ ሳንቲም ነው። ለትርፍ ከሆነ በግ አርቡ፤ በጉ ቢያንስ ይወልዳል። ትርፉ ከሌለ ደግሞ አታላዩም ብዙ አይቀርብም። ሦስት ብር በማያወጣ ነገር ላይ ማን ሐሰተኛ ይሠራል? ሐሰተኛው የሚሠራው ለጠገራው፣ ለምኒልክ ብር፣ ለወርቁ ነው። ጀማሪ በርካሹ ላይ ዓይኑን ሲያሠለጥን ቢቆይ፣ አንድ ቀን ጠገራ ቢያማረው እንኳ ሚዛን ይዞ፣ ማግኔት ይዞ፣ ጠርዙን አንብቦ ይገዛል። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ሐሰተኛ ጠርዙ ላይ ያሉት ፊደላት የተድበሰበሱ ናቸው። ይህን ያወቀ ሰው ፊት የሻጭ መሐላ ዋጋ የለውም።

ሌላም በሽታ አለብን፤ ማጽዳት። አሮጌ ሳንቲም የገዛ ሰው ቤቱ እንደገባ መጀመሪያ የሚያስበው ማጠብ ነው። ሎሚና አመድ ይቀርባል፤ የጥርስ ሳሙና ይመጣል፤ ፍግፍጉ ይጀመራል። ሳንቲሙ ያበራል፤ እሱም ደስ ይለዋል። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሏል ይኼ ነው። ያ ጥቁረት፣ ያ ቡናማ ሽፋን የሳንቲሙ ቆዳ ነው፤ ለዓመታት ከአየርና ከእጅ ጋር ሲኖር ያወጣው። ሲፈገፈግ አብሮት ስስ የሆነው ጽሑፍ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም። ያወቀ ሰብሳቢ ፊት ደግሞ የተፈገፈገ ሳንቲም ዋጋው ይወድቃል። በርካሹ ላይ ይህን የተማረ ሰው የአያቱን የምኒልክ ብር አመድ አያስነካውም። በጠርዙ ያዙት፤ በደረቅ ወረቀት አስቀምጡት፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፣ ቆይቶ አረንጓዴ ያወጣበታል። ከየት እንዳገኛችሁት፣ መቼና ከማን እንደገዛችሁት ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ያ ወረቀት ከሳንቲሙ እኩል ነው። ድዳ እንዳይሆን ያደርገዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰብሳቢ ማለት የቆለፈ ማለት አይደለም። እኛ ዘንድ ዕቃ የሰበሰበ ሰው ይደብቃል። ለእንግዳ ሲያሳይ እንኳ የገዛበትን ዋጋ ለመንገር ነው። ርካሽ ሳንቲም ግን የሚደበቅበት ምክንያት የለውም። ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ይወሰዳል፤ የታሪክ መምህሩ ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሠላሳ ተማሪ የሙሶሊኒን ጣሊያን በመጽሐፍ ከሚያጠና ያቺን ብረት አንድ ጊዜ በጣቱ ቢዳስስ ይሻለዋል። ይህ ሚኒስቴር አይጠይቅም፤ በጀት አይጠይቅም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሽቶና ጫማ ሲያመጣ አንድ እፍኝ አሮጌ ሳንቲም ቢጨምርበት ሻንጣው አይከብድም።

የጥንቶቹ አክሱማውያን በመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ በግሪክ ቋንቋ የጻፉት ቃል አለ፤ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል። ወርቁን ለሩቅ ንግድ አትመው፣ ተራ ሰው በየገበያው በሚይዘው ርካሽ መዳብ ላይ ነበር ይህን ቃል ያኖሩት። እነሱ ሳንቲም እንደሚነበብ ያውቁ ነበር፤ ገበያተኛውንም አክብረው ጻፉለት። እኛ ያንኑ መዳብ ከመሬት ቆፍረን፣ በእጃችን ላይ እየመዘንን፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ እንጠይቀዋለን። ልጆቻችን ከእኛ የሚወርሱት ጥያቄ ይኼ ብቻ ከሆነ፣ የምንተውላቸው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይሸጣል፤ ያውም በርካሽ።